አንድ ስም የወጣላቸው ሁለት ሽጉጦች

ሁለቱም እጀታቸው ሥር የአሜሪካ ጦር ሞዴል 1917 የሚል ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። ሁለቱም ስድስት ጎራሽ ናቸው። የሁለቱም በርሜል አምስት ኢንች ተኩል፣ ማለትም 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚጎርሱትም ያንኑ ባለ 45 ካሊበር ጥይት ነው። አንዱን ኮልት ሠራው፣ ሌላውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ እየተኮሰ ለመዝናናት አሮጌ ሪቮልቨር የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ የመሣሪያ መደብር ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የትኛው እንደሚሻል እኔ ቁርጥ ያለ አስተያየት አለኝ። አስተያየቱ ግን ከታሪካቸው የወጣ ስለሆነ ታሪኩን ማስቀደም ግድ ይለኛል፤ ሁለቱ ሽጉጦች የተለያዩት 1917 ከመድረሱ በፊት ነውና። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በኮኔቲከት ወንዝ ዳር ነው። ሃርትፎርድና ስፕሪንግፊልድ በዚህ ወንዝ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ሳሙኤል ኮልት በ1836 ለሚሽከረከረው ሲሊንደር የፈጠራ መብት አወጣ፤ ኋላም ሃርትፎርድ ላይ ትልቅ ፋብሪካ አቁሞ ስሙ በዓለም ናኘ። የዚያን ጊዜው ሽጉጥ ግን የሚጎርሰው ከፊት ነበር። ተኳሹ ባሩዱን ያፈስሳል፣ አረሩን ይጠቀጥቃል፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ይሰካል። ከኮልት ፋብሪካ ጋር ይሠራ የነበረ ሮሊን ዋይት የሚባል ሰው በሚያዝያ 1855 ሲሊንደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበስቶ ጥይት ከኋላ የሚገባበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። መብቱን ያገኙት ግን ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ነበሩ። ለሚሠሩት ለእያንዳንዱ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ሊከፍሉት ተስማሙ፤ መብቱን የሚደፍር ቢነሳ ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚሟገተው ዋይት ራሱ እንዲሆን በውሉ አስገቡ። ውሉ ለሁለቱ ሸሪኮች ሀብት፣ ለዋይት ግን ማለቂያ የሌለው ሙግት አመጣ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ሽጉጣቸው በ1857 ወጣች። ኮልት በ1862 ሲሞት ፋብሪካው ገና ከፊት የሚጎርስ ሽጉጥ ይሠራ ነበር፤ የዋይት መብት እስኪያበቃ፣ እስከ 1869 ድረስም እጁ ታስሮ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን መንገድ ላለመርገጥ የተማማሉ ይመስላሉ። ኮልት በ1889 ሲሊንደሩ ወደ ግራ ጎን ወጥቶ የሚከፈት ሪቮልቨር ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አቀረበ። ስድስቱም ባዶ ቀለሆች በአንድ ግፊት የሚወጡበት አሠራር ነበረው። አንድ ድካም ግን ነበረበት፤ ሲሊንደሩ የሚዞረው ወደሚከፈትበት ወደ ግራው ጎን ስለነበር እያንዳንዱ ዙር ሲሊንደሩን ከቦታው ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1896 የራሱን ተከፋች ሽጉጥ ይዞ መጣ፤ የእሱም ሲሊንደር ወደ ግራ ይዞራል። ችግሩን ሁለቱ በተለያየ መንገድ ፈቱት። ኮልት አዙሪቱን ገለበጠው፤ ሲሊንደሩ ወደ ቀኝ ስለሚዞር እያንዳንዱ ዙር ወደ አካሉ ያስገባዋል እንጂ አያስወጣውም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አዙሪቱን እንዳለ ትቶ በበርሜሉ ሥር ሁለተኛ መቆለፊያ ጨመረ፤ ቀለህ የሚያወጣው ዘንግ በፊትም በኋላም ተይዞ እንዲቆም አደረገ። ሲሊንደሩን ለመክፈት በኮልት ላይ መቆለፊያዋን ወደ ኋላ መሳብ፣ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ደግሞ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ሁለቱን እየቀያየረ የሚተኩስ ሰው አውራ ጣቱ መሳሳቷ አይቀርም።

ኮልት በ1898 ኒው ሰርቪስ የተባለውን ትልቁን ሪቮልቨሩን አወጣ። ከባድ ጥይት ለመተኮስ ታስቦ የተሠራ ግዙፍ ሽጉጥ ነበር፤ እጀታው ሰፊ፣ ከእጀታው እስከ ምላጩ ያለውም ርቀት ረጅም ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1908 በትልቅነቱ የሚመጥነውን ሠራ። ይህ ሽጉጥ ሲሊንደሩ በሦስት ቦታ ስለሚቆለፍ ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ትሪፕል ሎክ ይሉታል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩ ሪቮልቨሮች ሁሉ በእጅ ሥራ ጥራት ይህን የሚያስከነዳ አለ ብዬ አላምንም። ሦስተኛው መቆለፊያ ለሥራ የግድ አስፈላጊ አልነበረም፤ የሠሩት ሠራተኞች ግን ምን ያህል ቀጭን ሥራ መሥራት እንደሚችሉ በእሱ አሳይተዋል።

በዚህ መካከል የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ደሴቶች ይዋጋ ነበር። ወታደሮቹ የያዙት ባለ 38 ካሊበር ሪቮልቨር እየሮጠ የሚመጣን ተዋጊ እንደማያቆም የሚናገር ቅሬታ እየበዛ መጣ። በ1904 ጆን ቶምሰን የተባለ መኮንንና ሉዊስ ላጋርድ የተባለ የጦር ሐኪም በቺካጎ የከብት ማረጃ ግቢ በእንስሳት፣ በሌላ ቦታም በሬሳ ላይ ልዩ ልዩ ጥይቶችን ፈተኑ። ሙከራው ጭካኔ የበዛበትና በሳይንስም ደካማ ነበር፤ የደረሰበት ውሳኔ ግን ለሰማንያ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። የጦሩ ሽጉጥ ከ45 ካሊበር ማነስ የለበትም ተባለ። ኮልት ኒው ሰርቪስን በዚሁ ካሊበር አዘጋጅቶ በ1909 ለጦሩ አስረከበ። የዚያ ሽጉጥ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ በካዝና የሚጎርሰው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ በ1911 ተመረጠና ሪቮልቨር ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ተደርጎ ተቆጠረ።

ብራውኒንግ ለሽጉጡ የነደፈው ጥይት የታሪካችን ማሰሪያ ነው። የሪቮልቨር ጥይት ቀለህ ከሥሩ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ጥይቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገባ የሚስማር ራስ ሚስማሩን እንደሚያስቀረው ሁሉ ከንፈሩ ቀለሁን አፉ ላይ ያስቀረዋል፤ ባዶውን ለማስወጣትም ቀለህ አውጪው የሚይዘው ይህንኑ ከንፈር ነው። ካዝና ውስጥ ግን ከንፈር እንቅፋት ይሆናል፤ አንዱ ጥይት በሌላው ከንፈር ላይ ይያዛልና። ስለዚህ ብራውኒንግ ከንፈሩን አስቀረው፤ በምትኩ በቀለሁ ሥር ዙሪያውን ጎድጎድ ያለ ቦይ አወጣለት። ይህ ጥይት ተራ ሪቮልቨር ውስጥ ቢገባ ቀለህ አውጪው ምንም የሚይዘው ነገር አያገኝም። በ1911 ይህ የማንም ጭንቀት አልነበረም።

በ1914 አውሮፓ በእሳት ተያያዘች። ብሪታንያ ሽጉጥ ስላነሳት ወደ ኮኔቲከት ወንዝ ዳር ፊቷን አዞረች፤ ኮልትም ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ትልልቆቹን ሪቮልቨሮቻቸውን በብሪታንያ ጥይት ልክ ይሠሩላት ጀመር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያዎቹን 5,000 ያህሎች ከነትሪፕል ሎካቸው ላከ። እንግሊዞቹ ግን በርሜሉ ሥር ዘንጉን የሚሸፍነው ቤት የጉድጓድ ውጊያን ጭቃ እንዳይዝ ሰጉ። ስለዚህ በ1915 ሦስተኛው መቆለፊያና የዘንጉ ሽፋን ተነሡና ሁለተኛው ሞዴል የሚባለው ሽጉጥ ተወለደ። ከሁለቱ ሞዴሎች ተደምሮ ከ70,000 በላይ ለብሪታንያና ለካናዳ ተላከ። ትሪፕል ሎክ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው፤ ፋብሪካው ግን ትልቁን አካል በብዛትና በፍጥነት መሥራትን የተማረው በዚያ ትእዛዝ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1917 አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ አራት ሚሊዮን ሰው ሊደርስ የነበረ ጦር መገንባት ነበረባት፤ ያላት የብራውኒንግ ሽጉጥ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹም በአንድ ጀምበር ሊያደርሱት የሚችሉት አልነበረም። የጦር መሣሪያ መምሪያው ዓይን ሥራ ባልፈቱት ሁለት የሪቮልቨር መስመሮች ላይ ወደቀ። ኮልት ኒው ሰርቪስን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ሁለተኛውን ሞዴል ለብሪታንያ ሲያመርቱ ስለነበር ማሽኑም ሠራተኛውም ዝግጁ ነበር። አንድ ነገር ግን ቀረ። ጦሩ ሁለት ዓይነት የሽጉጥ ጥይት ወደ ፈረንሳይ መጫን አልፈለገም፤ ሪቮልቨሮቹም ከንፈር የለሹን የብራውኒንግ ጥይት መተኮስ ነበረባቸው።

መፍትሔው ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወገን መጣ፤ ዋጋው ከጥቂት ሳንቲም የማይበልጥ ቁራጭ ብረት ነበር። ከቀጭን የብረት ሉህ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ፣ ሦስት ጥይቶች ከሥራቸው ባለው ቦይ እየተያዙ የሚሰኩበት ክሊፕ ሠሩ። ሁለት ክሊፕ ስድስቱን የሲሊንደር ቀዳዳዎች ይሞላል። ክሊፑ የጥይቶቹ ከንፈር ሆነ፤ ጥይቱን አፉ ላይ ያስቀረዋል፤ ቀለህ አውጪውም ክሊፑን ገፍቶ ሦስቱን ባዶ ቀለሆች አንድ ላይ ያስወጣቸዋል። መንግሥት ኮልትም በዚሁ ክሊፕ እንዲጠቀም ስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ጠየቀ፤ ፈቀዱለትም። ለስድሳ ዓመታት ሲፎካከሩ የኖሩት ሁለቱ ቤቶች አንድ ቁራጭ ብረት ተጋሩ። ለእያንዳንዱ ባለ ሽጉጥ ወታደርም ክሊፖቹን የሚይዝባት ሦስት ኪስ ያላት የሸራ ቦርሳ ተሰጠችው። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህችን ክሊፕ ነው። በጥድፊያ የተፈጠረች ናት፤ ሆኖም ሪቮልቨርን ጥይት አንድ በአንድ ከመጨመር ይልቅ እጅግ ፈጥኖ እንዲጎርስ አድርጋዋለች። መቶ ዓመት አልፎም የሪቮልቨር ተወዳዳሪዎች የእርሷን ልጅ፣ ስድስቱንም ጥይት የሚይዘውን ሙሉ ጨረቃ ክሊፕ ይጠቀማሉ።

ሽጉጦቹ በዚያው በ1917 መጨረሻ ወራት ከፋብሪካ መውጣት ጀመሩ። ልዩነታቸው የታየው ወዲያውኑ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በእያንዳንዱ የሲሊንደር ቀዳዳ ውስጥ የቀለሁ አፍ የሚያርፍበት ደረጃ አወጣ። ክሊፑ የጠፋበት ወታደር ጥይቶቹን አንድ በአንድ ጨምሮ መተኮስ ይችላል፤ ባዶውን ቀለህ ግን በእንጨት ወይም በሚስማር እየገፋ ማውጣት አለበት። ኮልት የመጀመሪያዎቹን ሽጉጦች ያለ ደረጃ፣ ቀዳዳውን ቀጥ አድርጎ በስቶ ለቀቃቸው። በእነዚህ ላይ ክሊፕ ከሌለ ጥይቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ መቺው ቢመታውም መተኮሱ አስተማማኝ አይደለም። ኮልት ጥቂት ቆይቶ ደረጃውን ጨመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ግን ዛሬም በገበያ ላይ አሉ፤ ገዢ ሊያውቃቸው ይገባል።

ሌላው ልዩነት በዓይን ይታያል። የኮልት ሠራተኞች ለማሳመር ጊዜ አልነበራቸውም፤ በሽጉጡ ብረት ላይ የሞረዱ መሥመሮች እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያሉ፤ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰኖቹ በጦርነት ጥድፊያ ውስጥም ለስላሳ ገጽና ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ሰጧቸው። የኮልት ክብደት 1.13 ኪሎ ግራም፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 1.02 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የኮልት በርሜል ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን ወደ ግራ ሲያሽከረክረው፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ወደ ቀኝ ያሽከረክረዋል። ልዩነቱ በእጅ ላይ የሚሰማው ግን ምላጩ ላይ ነው። በኮልት ውስጥ የታጠፈ ባለ ሁለት ቅጠል ስፕሪንግ አለ፤ ምላጩን በረጅሙ ሲስቡት ሸክሙ ወደ መጨረሻው እየከበደ ይሄዳል። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ውስጥ ያለው ስፕሪንግ አንድ ረጅም ቅጠል ስለሆነ ስቡ ከመነሻው እስከ መድረሻው የተስተካከለ ነው። ኮልት በበኩሉ አንድ የሚኮራበት ነገር አለው፤ ምላጩ ተስቦ መቺው በሚወድቅባት ቅጽበት ሲሊንደሩ ምንም ሳይነቃነቅ ጠብቆ ይያዛል። የሲሊንደሩ ቀዳዳና በርሜሉ በትክክል ፊት ለፊት ገጥመው ይቆማሉ። ዋጋው ግን አለ፤ ሲሊንደሩን የሚገፋው ትንሽ ክፍል ያንን ጫና ሁሉ ስለሚሸከም ቶሎ ይበላል፤ ሲበላም የሚያስተካክለው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

በ1918 በስፕሪንግፊልድ ሌላ ነገር ተከሰተ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና በጋራ የመደራደር ጥያቄ አነሱ፤ የጦርነቱ ጊዜ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ሲፈርድላቸው ኩባንያው ፍርዱን አልቀበልም አለ። በመስከረም ወር የጦር ሚኒስቴሩ ፋብሪካውን ተረክቦ በራሱ ሰዎች ማስተዳደር ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ተኩስ ቆመ። ከእነዚህ ሽጉጦች ከፊሎቹ በሠራተኛ መብት ክርክር መካከል፣ በመንግሥት አስተዳደር ሥር የተገጣጠሙ መሆናቸውን ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ አያነሱትም፤ ሊነሳ የሚገባው ግን ይመስለኛል። ያን ለስላሳ ምላጭ በእጃቸው ያስተካከሉት እነዚያ ሠራተኞች ናቸው።

ማምረቱ በ1919 ሲቆም ሁለቱ ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው ከ150,000 በላይ ሽጉጥ አስረክበው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከፊሉ በመጋዘን ተቀመጠ፤ ከፊሉ የፖስታ ጭነት ለሚጠብቁ ሰዎች ተሰጠ፤ ሌላውም በሲቪሎች እጅ ገባ። ክሊፕ መሰካትና መንቀል የሰለቻቸው ሲቪል ተኳሾች ነበሩ። ለእነዚህ ፒተርስ የተባለው የጥይት ኩባንያ በ1920 ያንኑ ጥይት ወፍራም ከንፈር አበጅቶለት ለገበያ አቀረበ። የከንፈሩ ውፍረት ክሊፑ ይይዘው የነበረውን ቦታ በልኩ ይሞላል። ይህ ጥይት አውቶ ሪም ይባላል፤ ዛሬም ይገኛል።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይህን ሽጉጥ ለሲቪል ገበያ መሥራቱን ቀጠለ፤ ብራዚልም በ1937 25,000 አዘዘች። የብራዚል አርማ ጎናቸው ላይ የተቀረጸባቸው እነዚህ ሽጉጦች ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው አሜሪካ ገቡ፤ በርከት ያሉት ብዙ የተተኮሰባቸው ቢሆኑም ለመዝናኛ ተኳሽ ግን ጥሩ ዕድል ሆነዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ የአሜሪካ ጦር መጋዘኖች ውስጥ ከሁለቱም ወገን ከ180,000 በላይ ሞዴል 1917 ተቀምጦ ነበር። ብዙዎቹ ታድሰው፣ ደብዛዛ ግራጫ የፎስፌት ቀለም ተቀብተው ለወታደራዊ ፖሊስና ለጥበቃ ሰዎች ታደሉ። ጥቂቶቹ ቬትናም ድረስ ዘልቀው የምድር ውስጥ ዋሻ በሚፈትሹ ወታደሮች እጅ ታይተዋል። ሌሎቹ በርካሽ ለሲቪል ተኳሾች ተሸጡ። የዛሬው ገዢ መደብር ውስጥ የሚያገኘው ሽጉጥ ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ የመጣ ነው።

በ1944 መጨረሻ አንድ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር በመርከብ ላይ ወድቆ ተኮሰና አንድ መርከበኛ ሞተ። ፋብሪካው ምላጩ ካልተሳበ መቺው ጥይቱን እንዳይነካ የሚከለክል አዲስ ብረት በሽጉጦቹ ውስጥ ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ኮልት ለኒው ሰርቪስ ይህን የመሰለ መከላከያ የሰጠው ገና በ1905 ነበር። በዚህ ነጥብ ኮልት በግልጽ ይበልጣል።

ኒው ሰርቪስ ግን ከጦርነቱ አላለፈም። ኮልት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ማምረቱን አቆመ፤ ማሽኖቹም ዳግመኛ አልተነሱም። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልቁ አካል በተቃራኒው ዕድሜው ረዘመ። በ1955 ከዚያው አካል 44 ማግነም የሚተኩሰው ሽጉጥ ተወለደ፤ በ1971 ዴርቲ ሃሪ በተባለው ፊልም ክሊንት ኢስትዉድ የያዘው ያ ነው። ዛሬም ፋብሪካው በዚያው መጠን ይሠራል። የሞዴል 1917 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያለው ሰው ስፕሪንጉ ቢዝል ወይም አንድ ክፍል ቢበላ ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ አያጣም። የድሮ ኮልት አሠራር የገባቸው ባለሙያዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ሄደዋል።

ከዚህ የተነሣ አስተያየቴ ይኸው ነው። ለመዝናኛ ተኩስ ስሚዝ ኤንድ ዌሰኑን እመርጣለሁ። ምላጩ በረጅሙም ሲሳብ የተስተካከለ ነው፣ እጀታው ለብዙ ሰው መዳፍ ይስማማል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ክሊፕ ይተኩሳል፣ ቢበላሽም ይጠገናል። ኮልት የሚሻለው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው መዳፈ ሰፊ፣ ጣተ ረጅም ሰው ነው፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቀጭን እጀታ በእንዲህ ያለ እጅ ውስጥ ሲራገጥ ጉልበቱ በአውራ ጣት ሥር ይሰማል፤ የኮልት ስፋትና ትርፍ 100 ግራም ግን ግፊቱን ያበርደዋል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ተኩስ መቺውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ስቦ፣ በዝግታ አነጣጥሮ የሚተኩስ ሰው ነው። በዚህ አተኳኮስ የኮልት ረጅም ስብ ችግር መሆኑ ይቀራል፤ የሲሊንደሩ ጥብቅነት ብቻ ይቀረዋል። በ15 ሜትር ወረቀት ላይ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚሰበስብ የሚወስነው ግን የፋብሪካው ስም ሳይሆን የዚያች የአንዷ ሽጉጥ ጤንነት ነው።

ስለዚህ መደብር የገባ ሰው ሁለቱንም አስወርዶ፣ ባዶ መሆናቸውን በዓይኑ አረጋግጦ፣ ባለ ሱቁን አስፈቅዶ ይመርምር። በመጀመሪያ የግራ ጣቱን በሲሊንደሩ ላይ ቀለል አድርጎ አሳርፎ መቺውን በዝግታ ወደ ኋላ ይሳብ፤ መቺው መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ሲሊንደሩ ቆልፎ መቆም አለበት። ይህን በስድስቱም ቀዳዳዎች ይድገመው። ኮልት ከሆነ መቺውን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ምላጩን እንደሳበ ቀስ አድርጎ ያውርደውና ምላጩን ሳይለቅ ሲሊንደሩን ይነቅንቀው፤ ጤነኛ ኮልት አይነቃነቅም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚያ ቦታ ጥቂት ቢንቀሳቀስ ተፈጥሮው ነው። ሲሊንደሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ የሚመላለስ ከሆነ ግን የየትኛውም ፋብሪካ ሽጉጥ ቢሆን ይቅር። መቺው ወደ ኋላ ተስቦ ሳለ በአውራ ጣት ወደ ፊት ቢገፋ መውደቅ የለበትም። የበርሜሉን ውስጥ በብርሃን ይይ፤ ቦዩ ጥርት ብሎ ከታየ የውጭ ቀለሙ መገርጣት ለተኳሽ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋውን ያቀልለታል። ታድሶ ግራጫ የሆነ ሽጉጥ ሰብሳቢ አይጓጓለትም፤ ለመተኮስ ግን የምመርጠው እሱን ነው።

አሜሪካ የሚኖር አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የፌደራሉ ሕግ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ መሣሪያን ከሰብሳቢ ዕቃ መደብ ያስገባዋል፤ የሰብሳቢ ፈቃድ የሌለው ገዢ ግን ከመደብር ሲገዛ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ ገዢ ይመረመራል። የየክፍለ ግዛቱም ሕግ ይለያያልና አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው።

የተገዛውን ሽጉጥ መጀመሪያ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይገባል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ብረት ነው። ኮልት ከሆነ ቀዳዳዎቹ ደረጃ እንዳላቸው ባለሙያው ይለካ፤ ከሌላቸው ያለ ክሊፕ ወይም ያለ አውቶ ሪም አይተኮስም። ጥይቱ ከመደበኛው አይለፍ። እነዚህ ሽጉጦች የተሠሩት 15 ግራም ገደማ የሚመዝነውንና በሴኮንድ 250 ሜትር ያህል የሚጓዘውን የጦሩን ጥይት ለመተኮስ ነው፤ ማነጣጠሪያቸውም የተስተካከለው ለእሱ ነው። ተጨማሪ ኃይል እንዳለው የተጻፈበትን ጥይት አይጎርሱ። የድሮው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የ1944ቱ መከላከያ ስለሌለው የተኩስ መስመር ላይ ቆሞ አፈሙዙን ወደ ኢላማው ሳያዞሩ አለማጉረስ፣ ጎርሶም አለመያዝ ነው። ክሊፕ ሲገዛም ከአንድ ፋብሪካ ቀለህ ጋር ተሞክሮ ይሁን፤ የቀለሁ ቦይ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ስለሚለይ በአንዱ ልክ የሆነው በሌላው ይላላል፤ የላላ ክሊፕ ደግሞ ሲሊንደሩን ያስቸግራል።

ከሁለቱ ስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ሲሊንደሩ የሚመላለስ፣ ኮልቱ ግን ጥብቅ ሆኖ ከተገኘ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ትቶ ኮልቱን መውሰድ ነው።